የመጀመሪያው የእስልምና ዘመን የአብሮ መኖር ቅርስና የጎጃም ደጋ ታሪካዊ ልምድ

መግቢያ

በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቀበሌና በአንድ ዳኛ ሥር በሰላም ሊኖሩ የሚችሉት በምን መሠረት ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ለታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በደብረ ማርቆስ፣ በየጁቤ፣ በደጀን፣ በቢቸና ወይም በሞጣ የሚያስተምር መምህር በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ መሠረት፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ይኖር ከነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ሙስሊሞች ከመቶ ሦስት እጅ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ በአካባቢው በሚገኝ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ ተማሪዎች መካከል ሙስሊሞቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

የታሪክ መምህሩ ስለ አክሱም መንግሥት በሚያስተምርበት ጊዜ፣ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው በንጉሡ ዘንድ መልካም አቀባበል ማግኘታቸውን ማውሳቱ የተለመደ ነው። ነገሩ ለአገር ክብር የሚሰጥ በመሆኑ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተመስግኖ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከምስጋና የበለጠ ትምህርት አለው። በዚያ ዘመን ሰላምን ያስገኙት ነገሮች ምን እንደ ነበሩ፣ ሰላሙም በጎደለ ጊዜ የጎደለው ምን እንደ ነበረ ካልተመረመረ፣ ምስጋናው ብቻውን ለተማሪው የሚያቀብለው ዕውቀት አነስተኛ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በመጀመሪያው የእስልምና ዘመን በአክሱምና በመዲና የታዩትን ሁለት ታላላቅ የአብሮ መኖር ምሳሌዎች ማብራራት፣ ቀጥሎም የጎጃም ደጋ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን ያካበቱትን ልምድ ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ማመልከት ነው።

1. የአክሱም ችሎት

በመካ የቁረይሽ ጎሣ ሹማምንት አዲሱን ሃይማኖት በተቀበሉት ሰዎች ላይ ያደርሱት የነበረው መከራ እየበረታ በሄደ ጊዜ፣ ነቢዩ መሐመድ ተከታዮቻቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሄዱ መከሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጡ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቂያና ባለቤቷ ዑስማን ኢብን ዐፋን ይገኙበታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁጥራቸው ወደ መቶ የሚጠጋ ወንዶችና ሴቶች ተከተሏቸው። የነቢዩ አጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ቃል አቀባያቸው ሆነ።

ስለዚህ ስደት በስፋት የሚተርከው ሰነድ እ.ኤ.አ. በ767 የሞተው ኢብን ኢስሐቅ ያሰባሰበውና እ.ኤ.አ. በ833 የሞተው ኢብን ሒሻም አሻሽሎ ያቀረበው የነቢዩ ታሪክ ነው። ዋናው ተራኪም ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰላማ ናቸው። ከአክሱም በኩል በዚያው ዘመን የተጻፈ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ መምህሩ ትረካውን ሲያቀርብ ከየትኛው ወገን እንደ መጣና ከስንት ዘመን በኋላ እንደ ተጻፈ ለተማሪዎቹ መግለጽ ይገባዋል።

በትረካው መሠረት ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብን አል ዓስንና ዐብደላ ኢብን አቢ ረቢዓን ወደ ንጉሡ ላኩ። መልእክተኞቹ ምርጥ የቆዳ ውጤቶችን ገጸ በረከት አድርገው ይዘው መጡ። አስቀድመውም ለመኳንንቱና ለካህናቱ ስጦታውን አከፋፈሉ። የጠየቁትም አንድ ነገር ነበር። ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግራቸው አሳልፎ እንዲሰጣቸው እንዲመክሩላቸው ነበር። በአረብ ጸሐፊዎች አስሐማ፣ በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ደግሞ አርማሕ እየተባለ የሚጠራው ንጉሥ ግን ይህን አልተቀበለም። በእርሱ አገር የተጠጉትን ሰዎች ቃል ሳይሰማ እንደማይፈርድ ገልጾ፣ ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ችሎት አቆማቸው።

በዚያ ችሎት ጃዕፈር የቀድሞ ኑሯቸውን፣ አዲሱ ሃይማኖት ያዘዛቸውንና የደረሰባቸውን በደል ዘርዝሮ አስረዳ። ንጉሡ ከመጽሐፋቸው እንዲያሰማው በጠየቀው ጊዜ፣ ስለ ማርያም ከሚናገረው የቁርዓን ምዕራፍ አነበበለት። ንጉሡና ካህናቱም አለቀሱ ይባላል። በማግሥቱ ዐምር ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ስደተኞቹ ስለ ኢየሱስ የሚሉት ከክርስቲያኖች እምነት የተለየ መሆኑን ለንጉሡ ነገረው። ስደተኞቹ በዚህ ጥያቄ በተጨነቁ ጊዜ ለመደለል አልሞከሩም። ጃዕፈር እምነታቸውን እንዳለ ተናገረ። ንጉሡም ከመሬት አንድ ስንጥር አንሥቶ ልዩነቱ ከዚህች እንደማይበልጥ ተናገረ። መኳንንቱ ቢያጉረመርሙም፣ ስደተኞቹ በሰላም እንዲኖሩ ፈርዶ የመልእክተኞቹን ገጸ በረከት መለሰ።

ከዚህ ትረካ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ስደተኞቹን ያዳናቸው የንጉሡ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የመፍረድ ሥርዓት መሆኑ ነው። ስጦታው ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ከመሰማቱ በፊት የተሸጠ ይሆን ነበር። ሁለተኛው፣ ሰላሙ የተገኘው የእምነት ልዩነት ተሸፍኖ ሳይሆን በግልጽ ተነግሮ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ስደተኞቹ በተጠጉባት አገር ጉዳይ ደንታ ቢስ አለመሆናቸው ነው። በንጉሡ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣበት ጊዜ ስለ ድሉ ጸለዩ። ከመካከላቸውም ወጣቱ ዙበይር ኢብን አል ዐዋም በተነፋ አቁማዳ ወንዝ ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት አይቶ እንዲመለስ ላኩት።

አንድ ሌላም ፍሬ ነገር አለ። ከስደተኞቹ መካከል ዑበይደላ ኢብን ጃሕሽ የተባለው ሰው በኢትዮጵያ ሳለ ክርስትናን ተቀብሎ በዚያው ሞተ። ባለቤቱ ኡሙ ሐቢባ ግን በእስልምናዋ ጸናች። በኋላም ለነቢዩ መሐመድ በተዳረች ጊዜ የጋብቻውን ሥርዓት የነቢዩ እንደራሴ ሆኖ ያስፈጸመው ንጉሡ እንደ ነበረ ይተረካል። ባልና ሚስት በሃይማኖት ሲለያዩ አንዱም በሌላው ወይም በመንግሥቱ መገደዱ አልተነገረም።

ንጉሡ ራሱ እስልምናን ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች መካከል ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። በእስልምና ትውፊት ንጉሡ እንደ ሰለመና እ.ኤ.አ. በ630 ገደማ ሲሞት ነቢዩ በመዲና ሆነው እንደ ጸለዩለት ይነገራል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን አይቀበልም። የአክሱም መንግሥትም ከዚያ በኋላ ክርስቲያን ሆኖ ቀጥሏል። መምህሩ በዚህ ነገር ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አያስፈልገውም። ሁለቱም ማኅበረ ሰቦች ይህን ንጉሥ የራሳቸው አድርገው ማክበራቸው ራሱ ታሪካዊ ጉዳይ ነውና፣ ሁለቱን ትውፊቶች እንደ ትውፊትነታቸው ማቅረብ ይበቃዋል።

2. የመዲና ስምምነት

ነቢዩ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ የስሪብ፣ ማለት ወደ ኋለኛዋ መዲና፣ በተሰደዱ ጊዜ ያገኙት ማኅበረ ሰብ በጎሣ ጠብ የደከመ ነበር። ከመካ የተሰደዱት፣ የተቀበሏቸው የመዲና ሰዎችና የአይሁድ ጎሣዎች በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። እነዚህን ወገኖች ያስተሳሰረው ውል «የመዲና ሰነድ» ተብሎ ይታወቃል። የዛሬ ዘመን ሊቃውንት በ47 አንቀጾች ከፋፍለው ያጠኑታል።

የሰነዱ ይዘት ከስብከት ይልቅ ወደ አስተዳደር ያደላል። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱን የደም ካሳ እንዲከፍልና የተማረከበትን ሰው እንዲዋጅ ይደነግጋል። ከተማይቱ በጠላት ብትጠቃ ሁሉም በአንድነት እንዲከላከሉ፣ ወጪያቸውንም እያንዳንዳቸው እንዲችሉ ያዛል። ነፍሰ ገዳይን ማንም እንዳይሸሽግ ይከለክላል። በውሉ የገቡት አይሁድ ከምእመናን ጋር አንድ ማኅበረ ሰብ ሆነው እንደሚቆጠሩ፣ በሃይማኖታቸው ግን እያንዳንዱ ወገን በየራሱ እንደሚጸና ያረጋግጣል። አለመግባባት ሲነሣም ወደ ማን አቤት እንደሚባል ይወስናል። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድነቱ መሠረት የእምነት መመሳሰል ሳይሆን የጋራ ደኅንነት፣ የጋራ ኃላፊነትና የታወቀ ዳኝነት መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ631 ገደማ ከነጅራን የመጡ የክርስቲያን መልእክተኞች በመዲና መስተናገዳቸውም በዚሁ መንፈስ የሚታይ ነው። ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው እንግዶቹ የጸሎታቸው ሰዓት በደረሰ ጊዜ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ። በሃይማኖት ነገር ሳይስማሙ ተከራከሩ፤ በአስተዳደር ነገር ግን ተስማምተው ተለያዩ። ግብር ሊከፍሉ፣ በምላሹም ቤተ ክርስቲያናቸውና ካህናታቸው ሊጠበቁላቸው ውል ገቡ።

ይሁን እንጂ የታሪክ ሚዛን እንዳይዛባ ሁለት ነገሮች መጨመር አለባቸው። በመጀመሪያ፣ የመዲናው ውል ሳይናወጥ አልኖረም። እ.ኤ.አ. ከ624 እስከ 627 ባለው ጊዜ በጦርነትና በእርስ በርስ ጥርጣሬ ምክንያት ከሦስቱ ታላላቅ የአይሁድ ጎሣዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ፈርሶ፣ ሁለቱ ከከተማይቱ ተባረዋል፤ በሦስተኛው ላይም ብርቱ ቅጣት ደርሷል። ሁለተኛ፣ ግብር ከፍሎ የሚጠበቅ ሕዝብ ከለላ አገኘ እንጂ በዛሬው አነጋገር እኩል ዜጋ ሆነ ማለት አይደለም። ውልን መጻፍ ትልቅ ጅማሬ ነው፤ ውል ጸንቶ የሚኖረው ግን ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ቀጥሎ ለሚታየው ለጎጃም ታሪክም ይሠራል።

3. የጎጃም ደጋ፦ ገበያው፣ ሸማውና መንደሩ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምትባለው ከተማ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ፣ ወደ አባይ በሚያወርደው አገር፣ በሶ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት የበሶ ገበያ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከጎንደር፣ ከደሪታና ከሌሎችም የሰሜን ከተሞች የሚመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች ከአባይ ማዶ ከሚመጣው ንግድ ጋር የሚገናኙት በዚሁ ነበር። ከደቡብ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ በጉድሩ የሚገኘው የአሰንዳቦ ገበያ የዚህ መንገድ ሌላው ጫፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በበሶና በየጁቤ አካባቢ ተቀምጦ ስለዚህ ንግድ ጽፏል። ስለ እናርያና ስለ ከፋ የነበረውን ዕውቀት ያገኘው በአብዛኛው ከሙስሊም ነጋዴዎች ቃል ነበር። በዚያን ጊዜ አገሩን ይገዙ የነበሩት ክርስቲያኑ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ገዥው ከነጋዴው ቀረጥ ያገኛሉ፤ ነጋዴውም በገዥው ጥበቃ ይጓዛል። በክረምት አባይ ሲሞላ መሻገሪያው ስለሚዘጋ፣ ነጋዴው ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ከክርስቲያን ጎረቤቱ አጠገብ ይከርማል። በዚህ አኳኋን ከክርስቲያኑ ጎጃም ተነሥተው አባይን የተሻገሩት ነጋዴዎች እስልምና በጊቤ አገሮች እንዲስፋፋ ከረዱት መካከል ዋነኞቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 የሊሙ እናርያ ገዥ የነበሩት አባ ባጊቦ ሙስሊም ነጋዴዎችን በማቅረብ የታወቁ ናቸው።

ከንግድ ሌላ ሙስሊሞችን ከክርስቲያን ገበሬዎች ጋር ያስተሳሰረው ሥራ ሽመና ነው። ጥጡን የምትፈትለው የቤት እመቤት ልቃቂቱን ወደ ሸማኔ ትወስዳለች። ሸማኔው ድርና ማጉን አዋሕዶ ጋቢ፣ ኩታ ወይም ነጠላ አድርጎ ይመልስላታል። በጎጃም ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለ ነበሩ፣ ክርስቲያኒቱ በበዓል ቀን ለብሳው ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ነጠላ በሙስሊም እጅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚህ አገር ከምሳሌነት አልፎ የኑሮ ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል።

የእርድ ልዩነትም ቢሆን መፍትሔ ተበጅቶለት ኖሯል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ ስለማይበላ፣ ሰርግ ወይም ተዝካር የደገሰ ሰው ለሌላው ሃይማኖት ጎረቤቶቹ ለብቻው እንስሳ አቅርቦ በራሳቸው ሰው እጅ እንዲታረድ ያደርጋል። ዕቃውም ምግቡም ይለያል፤ ደስታውና ኀዘኑ ግን አንድ ነው። ይህ ልማድ በወሎም በሌሎችም የኢትዮጵያ ክፍሎች የታወቀ ሲሆን፣ ልዩነትን ሳይክዱ አብሮ መዋል እንደሚቻል የሚያሳይ ነው። በአክሱም ችሎት የታየውም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

4. አብሮነት እኩልነት ሲጎድለው

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። በደጋው አገር ርስት የሚባለው የመሬት ይዞታ በአብዛኛው ለክርስቲያኖች የተጠበቀ ነበር። ሙስሊሞች ወደ ንግድና ወደ ሽመና ያዘነበሉት ፈልገው ብቻ ሳይሆን የእርሻው በር ስለ ተዘጋባቸውም ጭምር ነው። «ነጋዴ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አነጋገር «ሙስሊም» ለማለት እስኪያገለግል ድረስ ሥራና ሃይማኖት አንድ ላይ ተቆራኙ። ሸማኔውም ሥራው እየተፈለገ ራሱ ይናቅ ነበር።

የመኖሪያ ቦታም እንዲሁ ተለይቶ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በሌሎች የንግድ ከተሞችም ሙስሊሞች በየራሳቸው ሰፈር መኖራቸው የተለመደ ሆነ። ደግሞም የበሶ ገበያ ሸቀጥ ወርቅና ቡና ብቻ አልነበረም። ባሪያም ይሸጥበት ነበር። የክርስቲያን ሕግ ክርስቲያን ባሪያ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ቆየ፤ ክርስቲያኑም ገዢ፣ ሹሙም ቀራጭ ሆነ። ስለ ገበያው ስምምነት ሲነገር፣ በዚያው ገበያ የተሸጡት ሰዎች ከስምምነቱ ውጭ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

እኩልነት የሌለበት አብሮነት በገዥው ፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ በገዥው ትእዛዝ ይናወጣል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባወጁ ጊዜ ይኸው ታየ። የአዋጁ ዓላማ አገርን በአንድ እምነት ማስተባበር ነበር። ውጤቱ ግን በወሎ ዐመፅ፣ የብዙ ሙስሊሞች ስደትና ለረጅም ጊዜ ያልሻረ ቂም ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1888፣ የመሐዲስቶች ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል ያለው ጥርጣሬ የበለጠ ከረረ። በአንድ በኩል ሰው በሃይማኖቱ ተገደደ፤ በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች። የአክሱሙ ስንጥር በሁለቱም ወገን ተረሳች።

ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ይህን ቁስል ለመጠቀም ሞክሯል። ቤተ ክርስቲያንን እየቀጣ ለሙስሊሞች ወዳጅ መስሎ መታየቱ፣ አንዱን በሌላው ላይ የማስነሣት ፖለቲካው አካል ነበር። ሆኖም የጣልያን አገዛዝ በአርበኞች ተጋድሎና በእንግሊዝ ጦር እርዳታ ተሸንፎ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ በኋላ «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አነጋገር የመንግሥት መፈክር ያህል ታወቀ። ነገር ግን አነጋገሩና አሠራሩ ገና አልተገናኙም ነበር።

5. ከመቻቻል ወደ መብት

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ጥያቄያቸው እንግዳ ተቀባይነት እንዲደረግላቸው አልነበረም። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለው እንዲጠሩ፣ በሕግና በሥራ እኩል እንዲታዩ፣ በዓላቸውም እንዲከበር ነበር። በስም ላይ የተደረገው ይህ ክርክር ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስደተኛና በዜጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያህል ነገር ይዟል። በአክሱም የተገኙት ሙስሊሞች በእርግጥ ስደተኞች ነበሩ። በየጁቤ ወይም በሞጣ ለብዙ ትውልድ የኖረው ሸማኔ ግን ባላገር እንጂ የማንም እንግዳ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ በሕዝብ በዓልነት ታወቁ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬትን ለአራሹ በማድረጉ፣ በሃይማኖት ምክንያት ከርስት መገለልን በሕግ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በ27ኛው አንቀጽ የሃይማኖት ነጻነትን አረጋገጠ። በ90ኛው አንቀጽም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ጭፍን አመለካከት ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ደነገገ። በዚህ መንገድ የገበያው ልማድ ሊሰጥ ያልቻለውን ዋስትና ሕግ ሊሰጥ ሞከረ።

ሕግ ብቻውን ግን ጎረቤትን አይጠብቅም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ላይ ቃጠሎ ተነሣ በተባለበት ዕለት፣ በአራት መስጊዶችና በሙስሊሞች ሱቆች ላይ ከባድ ጥቃት ደረሰ። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ቁጣን አስነሣ፤ ተቃውሞ ሰልፎችም ተደረጉ። ከእስልምና መጀመሪያ ጋር የተያያዘችው በትግራይ የምትገኘው የነጃሺ መስጊድም በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደርሶባታል። የጎጃሙን ጉዳይ በተለይ ከባድ የሚያደርገው፣ ጥቃቱ የተፈጸመው ለረጅም ዘመን በአንድ ገበያ በኖሩ ሰዎች መካከል መሆኑ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አልፈርድም ብሎ ነበር። በሞጣ ግን ነገሩ ሳይጣራ ቅጣቱ ተፈጸመ፤ የተቀጡትም ምንም ያልሠሩ ሰዎች ነበሩ።

6. ለትምህርት ሥራ የሚገኘው ጥቅም

ከዚህ ሁሉ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይመነጫሉ።

ሀ. የአክሱም ስደት ታሪክ በምስጋና መልክ ብቻ ሳይሆን በችሎት መልክ ቢሰጥ ይመረጣል። ተማሪዎች የመልእክተኞቹን ክስ፣ የጃዕፈርን መልስና የንጉሡን ውሳኔ በየተራ እንዲመረምሩ ማድረግ ይቻላል። ንጉሡ ስጦታውን ተቀብሎ ቢሆን ምን ይከተል ነበር? ስደተኞቹ በእምነታቸው ላይ የተጠየቁትን ቢሸሽጉ ምን ይሆን ነበር? የሚሉት ጥያቄዎች ወሬን ከማስረጃ የመለየት ልምድ ያዳብራሉ። በሞጣ የሆነውን ያየ አካባቢ የዚህ ልምድ አስፈላጊነት አያጠያይቀውም።

ለ. የመዲናው ሰነድ ለሥነ ዜጋ ትምህርት ጥሩ መሣሪያ ነው። ተማሪዎች አንቀጾቹን ከራሳቸው አካባቢ የእድር ደንብ ጋር ቢያነጻጽሩ፣ የጋራ መዋጮ፣ የጋራ ኃላፊነትና የታወቀ ሽምግልና በሁለቱም እንደሚገኙ ይረዳሉ። ውሉ እንዴት እንደ ፈረሰም ሳይደበቅ ሊነገር ይገባል።

ሐ. የአካባቢ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል። የጎጃም ተማሪ ስለ ሩቅ አገር ነጋዴዎች እየተማረ ስለ በሶ ገበያ ካልሰማ፣ የሙስሊሙን ጎረቤቱን ታሪክ የጎጃም ታሪክ አድርጎ አያየውም። የሸማኔዎችንና የነጋዴዎችን ሽማግሌዎች ቃል መሰብሰብም፣ በተለይ ዕድሜ የገፉት ሳያልፉ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለአካባቢው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሊሰጥ የሚችል ተግባር ነው።

መ. በክፍል ውስጥ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሙስሊም ተማሪ የሃይማኖቱ ቃል አቀባይ እንዲሆን አይገደድ። ጃዕፈር በችሎቱ የተናገረው በጓደኞቹ ተመርጦ ነው። ሕፃን ልጅ ግን በሃምሳ ዓይኖች ፊት ስለ እምነቱ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ማስተማር ሳይሆን ማጋለጥ ነው። የተማሪው ቁጥር ማነስ መብቱን አያሳንሰውም።

ሠ. ዕቅድ አውጪዎች የፈተና ቀንና የትምህርት ቤት በዓል ሲመድቡ የሁለቱንም ሃይማኖቶች የበዓልና የጾም ጊዜ አስቀድመው ቢመለከቱ፣ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናሉ። ይህ ለማንም ልዩ ችሮታ አይደለም። ሰርግ የደገሰ የጎጃም ገበሬ ለጎረቤቱ ለብቻው እንስሳ ሲያቀርብ የኖረበት ጥንቃቄ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚይዘው መልክ ነው።

መደምደሚያ

በመጀመሪያው የእስልምና ዘመን በአክሱምና በመዲና የታየው አብሮ መኖር በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር። እነርሱም ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ዳኝነት፣ ልዩነትን የማይሸሽግ ግልጽነትና ሁሉም የገባበት ውል ናቸው። የጎጃም ደጋ ሕዝብ በበኩሉ በገበያው፣ በሸማውና በድግሱ አራተኛውን፣ ማለት የዕለት ተዕለት ጉርብትናን፣ ጨምሯል። ነገር ግን የጉርብትናው ልማድ ለረጅም ዘመን የመብት እኩልነት ሳይኖረው ቆየ። የመብት ሕግ በወጣ ጊዜ ደግሞ የጉርብትናው ልማድ መሳሳት ጀመረ። ድር ያለ ማግ ጨርቅ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሕግ ያለ ልማድ፣ ልማድም ያለ ሕግ የአንድን አገር ሰላም አይሸፍንም። ሁለቱ የሚገናኙበት ዋናው ስፍራ ትምህርት ቤት ነው። የሁለቱ ሃይማኖት ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ታሪክ ከአንድ መምህር የሚሰሙት በዚያ ነውና።